አዲስ ማሽን ሲገባ አካል ጉዳተኛው ሠራተኛ ለምን ይውጣ?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ስፖንሰርሺፕ፣ ስለ ወረቀት ጉዳይና ስለ አነስተኛ ንግድ ነው። የዛሬው ርእሳችን ሦስቱንም ይነካል፤ ሰው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንዴም «ለአንድ ወዳጄ ነው» እያለ ነው የሚጠይቀው። አካሉ ላይ ጉዳት ያለበት ሠራተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ማሽን ወይም አዲስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲያስገባ ምን ይሆናል? ምን የመጠየቅ መብት አለው? ሱቅ ወይም ሬስቶራንት የከፈተው ወገናችንስ ምን ግዴታ አለበት? ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሌላ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን በአንድ ሰው ታሪክ ልጀምር። የእሱንም የመጋዘኑንም ስም አልጠቅስም። እዚሁ ሬክስዴል የሚኖር፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የሚል ወንድማችን ነው። በወታደርነቱ ዘመን አንዱ ጆሮው ሙሉ በሙሉ፣ ሁለተኛው ደግሞ በከፊል ተጎድቶበታል። በአንድ መጋዘን የሱፐርማርኬት ዕቃ እየለቀመ በፓሌት ላይ ሲደረድር ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጆሮው እንቅፋት ሆኖበት አያውቅም። ትእዛዙ በወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል፤ ያነባል፣ ይለቅማል፣ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። አለቆቹ ጉዳቱን አለማወቃቸውን እንደ ትልቅ ድል ይቆጥረው ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ቀረና ለሠራተኛው ሁሉ የጆሮ ማዳመጫ ታደለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መስመር 14፣ መደርደሪያ 6፣ 3 ካርቶን» እያለ በጆሮ ትእዛዝ የሚሰጠው ኮምፒዩተር ሆነ። ሠራተኛውም በአፉ ይመልስለታል። ጓደኞቹ ወደዱት፤ ሁለት እጃቸው ነጻ ሆነ። ዓይኑ የደከመው አንድ የሥራ ባልደረባቸው እንዲያውም «ከዚያ ከደቃቅ ጽሑፍ ተገላገልኩ» ብሎ ተደሰተ። የእኛ ሰው ግን በፎርክሊፍቱና በማቀዝቀዣው ጩኸት መካከል ቁጥሩን መለየት አቃተው። ኮምፒዩተሩን «ድገምልኝ» ይለዋል፤ ይደግምለታል፤ እንደገና ይሳሳታል። ማሽኑ ደግሞ በሰዓት ስንት ካርቶን እንደለቀመ ይቆጥራል። በሦስተኛው ሳምንት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ወደ እኔ የመጣው ያንን ደብዳቤ ይዞ ነው። እንዳነብለት አልነበረም፤ የሥራ መልቀቂያ እንድጽፍለት ነበር።

መልቀቂያውን አልጻፍንም። በምትኩ አንድ ገጽ ጥያቄ ጻፍን። በስብሰባውም ላይ በአስተርጓሚነት አብሬው ተቀመጥኩ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ የመጀመሪያ ጥያቄ «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከንም?» የሚል ነበር። ነገሩ ቶሎ አላለቀም፤ አምስት ሳምንት ፈጀ፤ ከመካከሉም ሁለት ሳምንት ያለ ሥራ ቤቱ ተቀምጧል። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ ትእዛዙን በስክሪን ላይ የሚያሳይና ስሕተት ሲኖር በእጅ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ስካነር ነበር። ዕቃው ከየትም አልተገዛም። እዚያው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ነው።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ ነው። የሰውየው ጆሮ ከዘጠኝ ዓመት በፊትም ያው ጆሮ ነበር። የተለወጠው ማሽኑ ነው። ለዓይነ ደካማው ባልደረባው በር የከፈተው ያው ዕቃ በእሱ ላይ በሩን ዘጋበት።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከሬክስዴል በመኪና በምዕራብ በኩል አንድ ሰዓት ያህል ቢነዱ ብራንትፎርድ ይደርሳሉ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን ሐሳብ በ1874 ያፈለቀው እዚያ በወላጆቹ ቤት ሳለ ነው። ቤል በሙያው መስማት ለተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ነበር፤ እናቱም፣ በኋላ ያገባት ሚስቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። ሆኖም እሱ የሠራው ስልክ በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ መስማት የማይችል ሰው ለብዙ አሥርተ ዓመታት «ስልክ ማንሣት አይችልም» እየተባለ ከቢሮ ሥራ ተገፋ። ጽሑፍን በስልክ መስመር የሚያስተላልፈው መሣሪያ የመጣው በ1964 ነው፤ የፈለሰፈውም ራሱ መስማት የተሳነው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዋይትብሬክት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ያው ስልክ በብዙ አገሮች ለዓይነ ስውራን ከተለመዱት የሥራ መስኮች አንዱን ከፍቶ ነበር፤ የስልክ ኦፕሬተርነትን። አውቶማቲኩ ማዞሪያ ሲመጣ ያም ሥራ ተዘጋ።

ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን በራሳቸው ሥራ አይተውታል። ድሮ ጥሪው በሬዲዮ ይጮኻል፤ ጆሮው የደከመ ሰው ሥራውን ሊሠራ አይችልም ነበር። ጥሪው በስክሪን ላይ ሲመጣ ጆሮ የሌለው ተቃና፤ ማንበብ የሚከብደው ግን ተቸገረ። አሁን ደግሞ በየሥራ ቦታው አዳዲስ ነገር ገብቷል። የሺፍት ሰሌዳ በግድግዳ ላይ መለጠፉ ቀርቶ በስልክ አፕሊኬሽን ሆኗል፤ ቀድሞ የነካ ትርፉን ሺፍት ይወስዳል፣ ጽሑፉን ማጉላት የማይችል ዓይነ ደካማ ደግሞ ባዶ እጁን ይቀራል። የመግቢያ ሰዓት በጣት አሻራ ይመዘገባል፤ ጣቱ በእሳት ወይም በኬሚካል የተበላ ሰው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። የካርድ ማሽን ቁልፎቹ ጠፍተው ለስላሳ መስተዋት እየሆነ ነው፤ በ5 ቁጥር ላይ የነበረችውን ትንሽ ጉብታ እየዳሰሰ ይሠራ ለነበረ ዓይነ ስውር መስተዋቱ ዝም ያለ ግድግዳ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ሕግ የወጣው በ1962 ነው። አካል ጉዳት በሕጉ ውስጥ የገባው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1982 ነው። ሕጉ አሠሪውን ትልቅ ኩባንያ ነህ፣ ትንሽ ሱቅ ነህ አይልም፤ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለውንም ይይዘዋል። ሠራተኛውንም ዜጋ ነህ፣ ጥገኝነት ጠያቂ ነህ፣ በሥራ ፈቃድ የመጣህ ነህ ብሎ አይለይም። አካል ጉዳት ሲባልም ዊልቸር ብቻ አይደለም። የጀርባ ሕመም፣ የስኳር በሽታ፣ የሚጥል በሽታ፣ የዓይንና የጆሮ መድከም፣ የአእምሮ ጤና ችግር ሁሉ በሕጉ ውስጥ ይገኛል። (በእኛ ቋንቋ ድሮ «አካለ ስንኩል» ይባል ነበር፤ ቃሉ ሰውየውን ከነጭራሹ የጎደለ አስመስሎ ስለሚያቀርብ ቢቀር ይሻላል።)

አሠሪው የተጣለበት ግዴታ በእንግሊዝኛ «አኮሞዴሽን» ይባላል። ቃሉ መጀመሪያ ሲሰማ የሆቴል ክፍል የሚሰጡን ያስመስላል፤ ትርጉሙ ግን ሥራውን ወይም የሥራውን መሣሪያ ለሰውየው ማመቻቸት ማለት ነው። ግዴታው ወሰን አለው፤ ወሰኑም አሠሪውን ከመጠን ያለፈ ችግር ላይ የሚጥል ሲሆን ነው። ይህን ለመመዘን ሕጉ የሚፈቅደው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ወጪው፣ ከውጭ ሊገኝ የሚችል የገንዘብ እርዳታ፣ እንዲሁም ጤናና ደኅንነት። «ሌሎቹ ሠራተኞች ያጉረመርማሉ»፣ «ደንበኛ አይወድም»፣ «ለማኔጀሩ አይመቸውም» የሚለው በሚዛኑ ላይ አይወጣም።

አዲስ ማሽን ወይም አዲስ መለኪያ ሲመጣ በጣም የሚጠቅመው የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 በታውኒ ሜዮሪን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ሜዮሪን በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የደን እሳት አጥፊ ነበረች፤ ሥራዋንም በሚገባ ትሠራ ነበር። በኋላ መንግሥት አዲስ የአካል ብቃት ፈተና አወጣ፤ ከፈተናዎቹ አንዱ 2.5 ኪሎ ሜትር በ11 ደቂቃ መሮጥ ነበር። እሷ 49 ሴኮንድ ያህል ዘግይታ ጨረሰች፤ ከሥራዋም ተሰናበተች። ፍርድ ቤቱ የፈረደላት ለእሷ ነው። አሠሪው መለኪያው ለሥራው በእርግጥ አስፈላጊ መሆኑን፣ ሠራተኛውንም አመቻችቶ ማሠራት ከመጠን ያለፈ ችግር የሚያመጣበት መሆኑን ማስረዳት አለበት አለ። ጉዳዩ የጾታ ነበር፤ መመዘኛው ግን ለአካል ጉዳትም ይሠራል። እንግዲህ ወደ መጋዘኑ እንመለስ። «በሰዓት ይህን ያህል ካርቶን» የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ አንድ ሰው ያወጣው መለኪያ ነው፤ ሊጠየቅበትም ይችላል።

ስለ መቆጣጠሪያ ማሽን ካነሣን፣ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በኦንታሪዮ 25 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሠራተኞቹን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚከታተል መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ይህን ጽሑፍ ጠይቀው ይውሰዱ። እንዲሁም ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይኸው መጠን ያላቸው አሠሪዎች አመልካቾችን ለማጣራት አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚጠቀሙ ከሆነ በሥራ ማስታወቂያቸው ላይ መግለጽ ይኖርባቸዋል፤ በማስታወቂያውም «የካናዳ የሥራ ልምድ ያስፈልጋል» ብለው መጻፍ ተከልክለዋል። ይህ የመጨረሻው ስንቱን መሐንዲስና ነርስ ያሳረረ ጥያቄ እንደነበር እናንተው ታውቃላችሁ። አካል ጉዳት ላለበት አመልካች ግን ይበልጥ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነው። በቪዲዮ ፊቱንና አነጋገሩን የሚመዝን ኮምፒዩተር እንዳለ አስቀድሞ ካወቀ፣ «እኔን ሰው ያነጋግረኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

አንድ የሚያምታታ ነገር ልጥቀስ። ፒርሰን ኤርፖርት ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚያ ይሠራል። ለአየር መንገድ የሚሠራ፣ ወይም ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር በሚሄድ የጭነት መኪና ድርጅት የተቀጠረ ሰው በፌዴራሉ ሕግ ሥር ነው፤ አቤቱታውም የሚሄደው ወደ ካናዳ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ነው። እዚያው ኤርፖርት ውስጥ ቡና የሚሸጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኦንታሪዮ ሕግ ሥር ነው። አንድ ሕንጻ፣ ሁለት ሕግ። በኤጀንሲ በኩል የሚሠሩ ከሆነም ኤጀንሲው ወደ መጋዘኑ፣ መጋዘኑም ወደ ኤጀንሲው ቢገፋዎት አይደናገጡ፤ ጥያቄዎን ለሁለቱም በጽሑፍ ይስጡ።

«ወረቀቴን ያበላሽብኝ ይሆን?»

ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ይህ ነው። አንዳንዱ ማመቻቸት ጠየቅሁ ማለት ለኢሚግሬሽን «በሽተኛ ነኝ» ብሎ መመስከር ይመስለዋል። አይደለም። ከአሠሪዎ ጋር የሚጻጻፉት የሥራ ጉዳይ ነው፤ ወደ ኢሚግሬሽን ፋይል የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ፍርሃቱ የመጣው ከእውነተኛ ሕግ ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ የጤና ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ወጪው ከመጠን በላይ ይሆናል ተብሎ የሚገመት አመልካች እንዳይገባ ይከለክላል። ግን ሁሉንም አይነካም። ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን፣ ከውጭ የሚመጡ ስደተኞችን፣ ስፖንሰር የተደረጉ የትዳር ጓደኞችንና ልጆቻቸውን አይመለከትም። በሥራ ሙያ የሚያመለክቱትንና ስፖንሰር የሚደረጉ ወላጆችንና አያቶችን ግን ይመለከታል። ለእነሱም ቢሆን በ2018 ልኩ ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ ብሏል፤ እንደ ልዩ ትምህርት ያሉ አገልግሎቶችም ከሒሳቡ ወጥተዋል። መስማት የተሳነው ልጅ ስላላቸው ብቻ ሳያመለክቱ የቀሩ ቤተሰቦች ቢኖሩ፣ ጉዳያቸውን ለጠበቃ እንደገና ቢያሳዩ መልካም ነው።

ስፖንሰርሺፕን በተመለከተ አንድ ስሕተት በየቡናው ይደጋገማል፤ «የመንግሥት እርዳታ የሚወስድ ሰው ሚስቱን ማምጣት አይችልም» ይባላል። በአጠቃላይ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርዳታው የሚሰጠው በአካል ጉዳት ምክንያት ከሆነ ክልከላው አይሠራም። ስለዚህ «ኦ ዲ ኤስ ፒ» የሚቀበል ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ስፖንሰር ከማድረግ አይታገድም። ደግሞም «ኦ ዲ ኤስ ፒ» እየተቀበሉ መሥራት ይቻላል። ከየካቲት 2023 ጀምሮ በወር እስከ 1,000 ዶላር የሚያገኙት የሥራ ገቢ ከእርዳታው አይቀነስም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከእያንዳንዱ ዶላር 75 ሳንቲም ይቀነሳል። በሚሠሩበትም ወር 100 ዶላር የሥራ ድጎማ አለ። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት የካናዳ የአካል ጉዳት ድጎማ በወር እስከ 200 ዶላር መክፈል ጀምሯል፤ እሱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ የአካል ጉዳት የታክስ ቅናሽ ማረጋገጫ ያስፈልጋል።

ሱቅና ሬስቶራንት ላላችሁ

እዚህ ላይ ንግድ ያላችሁን አንባቢዎች ላነጋግር። ግዴታው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምሰማው «እኛ ራሳችን ኑሮ ከብዶናል» የሚል መልስ ነው። እውነት ነው፤ ግን ብዙው ነገር ወጪ የለውም ወይም ወጪው ትንሽ ነው። በወጥ ቤት መስማት የተሳነው ሰው ከቀጠራችሁ የትእዛዝ ማሽኑ ከጩኸት ሌላ ብርሃንም እንዲያበራ ሻጩን ጠይቁት። ማየት የደከመው አስተናጋጅ ካለ የታብሌቱን ጽሑፍ ማጉላት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ጀርባውን ለታመመ ሰው ከካሽ ሬጅስተሩ ኋላ አንድ ከፍ ያለ በርጩማ ይበቃል። (ገንዘብ ተቀባይ ለምን ቀኑን ሙሉ እንደሚቆም እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።)

ገንዘብ ካወጣችሁም የታክስ ሕጉ ያስባል። ለአካል ጉዳተኛ ሲባል መወጣጫ ለመሥራት፣ በር ለማስፋት፣ መጸዳጃ ቤት ለማስተካከል፣ ኮምፒዩተር ላይ ልዩ ፕሮግራም ወይም ዕቃ ለመጨመር፣ የእሳት ማስጠንቀቂያውን የሚታይ ለማድረግ ያወጣችሁትን ወጪ በየዓመቱ ቀስ በቀስ ሳይሆን በዚያው ዓመት መቀነስ ትችላላችሁ። በግል ስም ለሚሠሩ በቲ 2125 ቅጽ ላይ ይገባል። ደረሰኙን ያዙ፤ ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰውም አስታውሱት፤ ብዙዎቹ ሳትጠይቋቸው አያነሡትም። የአንድ እርከን ደረጃ ነገርም አለ። በቶሮንቶ ሉክ አንደርሰን የተባለ ራሱ በዊልቸር የሚሄድ መሐንዲስ በ2011 በሱቆች በር ላይ ደማቅ ቀለም የተቀቡ ትንንሽ የእንጨት መወጣጫዎች ማስቀመጥ ጀመረ፤ አንድ ደረጃ ስንት ሰው ከውጭ እንደሚያስቀር ከተማው ያስተዋለው ያኔ ነው።

የ2005ቱ የኦንታሪዮ የተደራሽነት ሕግ ክፍለ ሀገሩን እስከ ጥር 2025 ሙሉ በሙሉ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ አደርጋለሁ ብሎ ነበር። ቀኑ አለፈ፤ አልሆነም፤ በአልቢየን መንገድ ላይ በእግር ቢሄዱ ራስዎ ያዩታል። ግዴታዎቹ ግን አሉ። ከ50 ሠራተኛ በታች ላለው ንግድ ሠራተኞችን ማሠልጠን፣ በቅጥር ማስታወቂያ ላይ ማመቻቸት እንዳለ መግለጽ፣ አካል ጉዳት ላለበት ሠራተኛ በአደጋ ጊዜ እንዴት እንደሚወጣ አስቀድሞ መንገር፣ ደንበኛ ራሱ የሚጠቀምበት ማሽን ሲገዛ ለአካል ጉዳተኛ ይሆናል ወይ ብሎ ማሰብ ይገኙባቸዋል። ሥልጠናው በነጻ በኢንተርኔት ይገኛል። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ደግሞ በየሦስት ዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማሽኑን ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው። የካርድ ማሽን ወይም የትእዛዝ ሲስተም የሚሸጥላችሁን ሰው «ይህ ነገር ይናገራል? ጽሑፉ ያድጋል? ቁልፍ ይገጠምለታል? ድምፅ መስማት ለማይችል ምን ያደርጋል?» በሉት። አያውቅም ከሆነ ይጠይቅላችሁ። የሦስት ዓመት ውል ከተፈረመ በኋላ መቀየር ነው ገንዘብ የሚበላው።

ብዙ መሣሪያ አሁን ያለ ክፍያ ይገኛል። ለዓይነ ስውራን የኮምፒዩተር ስክሪን የሚያነበው ጆውስ የተባለው ፕሮግራም ዋጋው ውድ ነው፤ በ2006 በአውስትራሊያ የተጀመረው ኤን ቪ ዲ ኤ ግን ነጻ ነው። አማርኛም ያነብባል፤ ድምፁ የብረት ድምፅ ቢሆንም ይገባል። አይፎን ከ2009 ጀምሮ ስክሪን አንባቢ በውስጡ አለው፤ አንድሮይድም እንዲሁ። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን የጉግል አፕሊኬሽን ከ2019 ወዲህ በአንድሮይድ ስልክ መጫን ይቻላል፤ በስብሰባ ላይ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። በምልክት ቋንቋ ለሚነጋገሩ ከ2016 ጀምሮ በቪዲዮ አስተርጓሚ አማካይነት ስልክ መደወል በነጻ ሆኗል፤ ይሁንና እዚህ የሚሠራው በአሜሪካ ወይም በኩቤክ ምልክት ቋንቋ ስለሆነ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ያደገ ሰው መጀመሪያ ያንን መማር አለበት። ቀላል አይደለም፤ ቀጣሪው ጊዜ ይስጠው።

ለአንዱ የተሠራው ለሌላውም ይተርፋል። ዴቪድ ሌፖፍስኪ የተባለ ዓይነ ስውር ጠበቃ ቲ ቲ ሲን ከስሶ የሰብዓዊ መብት ትሪቢዩናሉ በ2005 በምድር ባቡር፣ በ2007 ደግሞ በአውቶቡስና በስትሪትካር ፌርማታው ሁሉ በድምፅ እንዲነገር አዘዘ። ዛሬ በ45 ቁጥር የኪፕሊንግ አውቶቡስ የሚሰሙት የፌርማታ ጥሪ የዚያ ውጤት ነው። ከኤርፖርት በወጣ በሳምንቱ መንገዱን ሳያውቅ በክረምት ጨለማ ወደ ሥራ የሚሄደውን አዲስ መጪ ስንት ጊዜ አድኖታል!

«ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚልም አይጠፋም። በአገራችንም የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግግ አዋጅ ቁጥር 568 በ2000 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ወጥቷል፤ አሠሪው ሥራውን እንዲያመቻች ያዛል። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብላለች።

እንዴት ይጠየቃል?

ጥያቄውን በጽሑፍ ያድርጉት፤ በኢሜይል ከሆነ ቅጂው ይቀራል። አጭር ይሁን። መጋዘን ለሚሠራው ወንድማችን የጻፍነው በአማርኛ ቢሆን እንዲህ ያለ ነበር፦ «ሥራዬን መቀጠል እፈልጋለሁ፤ መሥራትም እችላለሁ። የመስማት ጉዳት ስላለብኝ አዲሱን የጆሮ ማዳመጫ መጠቀም አልቻልኩም። ትእዛዙን በማንበብ መቀበል እችላለሁ። በሰብዓዊ መብት ሕጉ መሠረት አሠራሩ እንዲመቻችልኝ እጠይቃለሁ። ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ።» ከዚህ የበለጠ ሐተታ አያስፈልግም።

አሠሪው የሐኪም ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። ወረቀቱ ምን መሥራት እንደሚችሉና እንደማይችሉ ይግለጽ እንጂ የበሽታዎን ስም የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ሐኪሙ ለወረቀቱ ካስከፈለም፣ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ መመሪያ ወጪው የአሠሪው ነው ይላል። ከዚያ በኋላ እርስዎም ይተባበሩ፤ አሠሪው ያቀረበውን ደህና አማራጭ «የእኔን ሐሳብ ካልሆነ» ብሎ መግፋት መብትን ያሳጣል። ዩኒየን ካለ ተወካዩ ይገኝ።

ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ወዲያውኑ ለአሠሪው ይንገሩ፤ ወደ «ደብልዩ ኤስ አይ ቢ» የሚቀርበውም ማመልከቻ አደጋው ከደረሰ በስድስት ወር ውስጥ መግባት አለበት። «ሪፖርት አታድርግ፣ እኛ እንከፍልሃለን» ቢሉዎት አይስማሙ፤ ማባበሉ ራሱ በሕግ የተከለከለ ነው።

ካልተሳካ ወደ ኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ትሪቢዩናል ማመልከት የሚቻለው ድርጊቱ በተፈጸመ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። የሰብዓዊ መብት የሕግ ድጋፍ ማዕከል በነጻ ይረዳል። በእኛ ሰፈር ደግሞ በፓኖራማ ኮርት፣ በሬክስዴል ኮሚዩኒቲ ሀብ ውስጥ፣ የሬክስዴል ኮሚዩኒቲ ሊጋል ክሊኒክ አለ። ሲሄዱ የጻፉትን ጥያቄ፣ የተሰጠዎትን መልስ፣ ማስጠንቀቂያ ካለም እሱን፣ የመጨረሻዎቹን የደመወዝ ወረቀቶች፣ እንዲሁም አዲሱ ማሽን የገባበትን ቀን ጽፈው ይያዙ። አስተርጓሚ ከፈለጉ ቀጠሮ ሲይዙ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው አይውሰዱ።